ከበግ ጠጉር የሚሠራ አሻንጉሊትና የመገጣጠሚያው ጥበብ

አሻንጉሊት የሰው ልጅ በእጁ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ዕድሜ ጠገብ ከሚባሉት አንዱ ነው። በአገራችን ገጠርም ሆነ ከተማ የሚያድጉ ሕፃናት ከጨርቅ ቁራጭ፥ ከጭቃና ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሰው አምሳል እየሠሩ ሲያዝሉትና ሲያስተኙት፥ ሲቆጡትና ሲያባብሉት ማየት የተለመደ ነው። ሕፃን በአሻንጉሊቱ አማካይነት የሚለማመደው ወደፊት የሚኖረውን ኑሮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ መጫወቻዎች መካከል አንዱን፥ ይኸውም ከበግ ጠጉር ተጠቅጥቆ የሚሠራውንና አንገቱ፥ ክንዱና እግሩ የሚንቀሳቀሰውን አሻንጉሊት አሠራር ለአንባቢያን ማስረዳት ነው። ጥሬ ዕቃው ውድ አይደለም፤ መሣሪያውም ጥቂት ነው፤ ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአሻንጉሊት ሕይወቱ ያለው በመገጣጠሚያው ላይ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

ይህን ለጽሑፉ አቅራቢ ያስተማረችው የስድስት ዓመት ልጅ ናት። አቅራቢው ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቱ ልጅ ከበግ ጠጉር አንዲት አሻንጉሊት ሠርቶ ሰጥቷት ነበር። አሻንጉሊቷ ዓይኗና አፍንጫዋ ያማረ፥ ጠጉሯ የተጎነጎነ፥ ቀሚስም የለበሰች ነበረች። እጅና እግሯ ግን ከገላዋ ጋር በአንድነት የተጠቀጠቀ ስለ ነበር አይንቀሳቀስም። ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን በደስታ ተቀበለቻት። በሁለተኛው ቀን አሻንጉሊቷን ከአልጋ ላይ አስተኝታ፥ በነጠላ ቁራጭ እስከ አንገቷ ሸፍናት ተገኘች። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። «ለምን አታጫውቻትም?» ተብላ ብትጠየቅ፥ «አጎቴ፥ እሷ እኮ ታማለች፤ መቀመጥ አትችልም» ስትል መለሰች።

በዚያች አጭር መልስ ውስጥ ሙያው ሁሉ ተጠቃልሎ ይገኛል። መቀመጥ የማይችል አሻንጉሊት ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ አጠገብ አይገኝም፤ ከገበታ አይቀርብም፤ እንግዳ ሲመጣም እጁን ዘርግቶ ሰላም አይልም። የሚቀርለት ነገር ቢኖር ሕመምተኛ ሆኖ መተኛት ብቻ ነው። ስለዚህ አቅራቢው አሻንጉሊቷን መልሶ ወስዶ፥ ክንዷን ከትከሻዋ፥ እግሯን ከዳሌዋ ቆርጦ እንደገና ለመገጣጠም ተነሣ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚህ በታች የሚቀርበው መግለጫ ከዚያ ድካም የተገኘውን ትምህርት ጭምር የያዘ ነው።

ጠጉር ያለ ሽመና እንዴት ይጠነክራል?

ጥጥ ተዳምጦ፥ ተነድፎና ተፈትሎ ካልተሸመነ ጨርቅ አይሆንም። የበግ ጠጉር ግን ሳይፈተልና ሳይሸመን እርስ በርሱ ተጠላልፎ ጠንካራ አካል ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት የተጠቀጠቀውን ጠጉር ፈረንጆች ፌልት ይሉታል። ምክንያቱ የሚገኘው በጠጉሩ በራሱ ተፈጥሮ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዘለላ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ገጽታው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የቅርፊቶቹ አፍ ሁሉ የሚያመለክተው ወደ ጠጉሩ ጫፍ ነው። ጠጉሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና ርሶ ሲታሽ እያንዳንዱ ዘለላ ወደ ሥሩ አቅጣጫ ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ግን ቅርፊቶቹ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዘው ይከለክሉታል። በዚህ ሁኔታ ዘለላዎቹ እየተጠላለፉና እየጠበቁ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ በደንብ የተጠላለፈ ጠጉር ደግሞ ተመልሶ አይፈታም።

ይህን ለማየት ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ አያስፈልግም። የሱፍ ሹራቡን በፈላ ውሃ ነክሮ በኃይል ያሸ ወታደር፥ ሹራቡ ሲደርቅ ለታናሽ ወንድሙ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ያገኘዋል። ለልብስ ጥፋት የሆነው ይህ ጠባይ ለአሻንጉሊት ሠሪ ዋና ሀብቱ ነው።

ከውሃና ከሳሙናው ሌላ በደረቁ የሚሠራበት ዘዴም አለ። ለዚህ የሚያገለግለው መርፌ ከልብስ መርፌ የተለየ ነው። ቀዳዳ የለውም፤ ክርም አይገባበትም። ከጫፉ አጠገብ ባሉት ጠርዞቹ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ተፈልፍለውበታል። መርፌው ወደ ጠጉሩ በተወጋ ቁጥር ጥርሶቹ ጥቂት ዘለላዎችን ይዘው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ መርፌው ሲወጣ ዘለላዎቹ እዚያው ተጠላልፈው ይቀራሉ። አሥር ጊዜ ሲወጋ ጠጉሩ ይሰበሰባል፤ መቶ ጊዜ ሲወጋ ቅርጽ መያዝ ይጀምራል፤ ሺህ ጊዜ ሲወጋ እንደ ቡሽ ይጠነክራል።

ይህ መርፌ መጀመሪያ የተሠራው ለፋብሪካ ነው። በዚያ በሺህ የሚቆጠሩ መርፌዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው፥ በመኪና ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሱ ልቅ የሆነውን ጠጉር ወደ ንጣፍ ይለውጡታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኤሊኖርና ዴቪድ ስታንዉድ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት፥ ከፋብሪካው መርፌዎች አንዱን ብቻ በእጅ ይዞ ከጠጉር ቅርጽ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ዘዴውም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተዛመተ።

ከአልታይ መቃብር እስከ ጊንገን ከተማ

መርፌው አዲስ ቢሆንም የተጠቀጠቀ ጠጉር ሥራ ግን እጅግ ጥንታዊ ነው። በደቡብ ሳይቤሪያ፥ በአልታይ ተራሮች ውስጥ ፓዚሪክ በሚባል ሥፍራ የሩሲያው የመሬት ቁፋሮ ሊቅ ሰርጌይ ሩዴንኮ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቆፈሩት መቃብር ውስጥ፥ ከተጠቀጠቀ ጠጉር ተሠርተው ውስጣቸው የታጨቀ፥ ረጅም አንገት ያላቸው ነጫጭ የውሃ ወፎች ምስል ተገኝቷል። ወደ መቃብሩ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለ ጠበቃቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሳይበሰብሱ ቆይተዋል። ዛሬ የሚገኙት በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ነው።

የሚንቀሳቀስ እጅና እግርም እንዲሁ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የቆሮንቶስ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች ክንዳቸውና እግራቸው ተበስቶ በክር ወይም በሽቦ የተያያዘ አሻንጉሊቶችን ይሠሩ ነበር። እንግዲህ የአልታይ ሰዎች ጠጉሩን፥ የቆሮንቶስ ሰዎች መገጣጠሚያውን ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በዘመናችን የጠጉር መጫወቻን ከዓለም ገበያ ካደረሱት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ማርጋሬቴ ሽታይፍ ናቸው። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1847 በደቡብ ጀርመን ጊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ዓመት ተመንፈቅ ሲሆናቸው የልጅነት ልምሻ ያዛቸው፤ እግራቸው ሰለለ፥ ቀኝ እጃቸውም ደከመ። ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቢያሳልፉም ስፌት ተምረው፥ በ1877 በከተማቸው ከሚሠራው ፌልት ልብስ እየሰፉ የሚሸጡበት መደብር ከፈቱ። በ1880 ከአንድ የፋሽን መጽሔት ባገኙት ንድፍ ከፌልት ትንሽ ዝሆን ሰፉ። የታሰበው የመርፌ መስኪያ እንዲሆን ነበር፤ ሕፃናት ግን ዝሆኑን ወስደው መጫወቻ አደረጉት። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ዝሆኖቹ በሺህ እየተቆጠሩ ተሸጡ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1902 የወንድማቸው ልጅ ሪቻርድ ሽታይፍ አንድ ድብ በነደፉ ጊዜ ነው። የድቡ ስም «55 ፔ ቤ» ይባል ነበር። 55 ቁመቱን በሴንቲሜትር፥ ፔ ጠጉራማ ጨርቁን፥ ቤ ደግሞ በጀርመንኛ «ተንቀሳቃሽ» የሚለውን ቃል ያመለክታሉ። ተንቀሳቃሽነቱ ከስሙ ውስጥ መግባቱ አለምክንያት አልነበረም፤ ድቡን ከቀደሙት መጫወቻዎች ለይቶ ያሳወቀው ክንዱና እግሩ መዞሩ ነበር። በ1903 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት አንድ አሜሪካዊ ገዢ 3,000 ድቦች አዘዘ።

ለአሻንጉሊት ሠሪ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጀመሪያው ድብ አካላት የተያያዙት በጠንካራ ክር ነበር። ቀጥሎ በብረት ዘንግ ተተካ። እሱም እንደገና ተለውጦ በ1905 ገደማ እርስ በርሳቸው በሚተሻሹ ክብ ሰሌዳዎች የሚሠራ መገጣጠሚያ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ መገጣጠሚያው ሁለት ጊዜ ተለዋውጧል ማለት ነው። በ1907 ፋብሪካው በአንድ ዓመት 974,000 ድቦች ሠራ። ማርጋሬቴ ሽታይፍ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1909 አረፉ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለመራመድ ያልታደሉት ሴት ድርጅት፥ ስሙ በዓለም የተጠራው እግሩን በሚያንቀሳቅስ መጫወቻ መሆኑ ልብ የሚነካ ነው።

በኢጣሊያ ቶሪኖ ከተማም ኤሌና ኬኒግ ስካቪኒ በ1919 የመሠረቱት ሌንቺ የተባለው ድርጅት፥ ፊታቸው በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ የወጣ፥ ትከሻቸውና ዳሌያቸውም የሚዞር የፌልት አሻንጉሊቶችን በመሥራት ታውቋል።

ጥሬ ዕቃውና መሣሪያው

በአገራችን የበግ ጠጉር ሥራ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፥ በተለይም በመንዝ፥ ጠጉሩ በእንዝርት እየተፈተለ ለባናና ለበርኖስ ሲውል ኖሯል። የመንዝ በግ ጠጉር ሸካራ ነው። ሸካራነቱ ከገላ ጋር ለሚገናኝ ልብስ ቢከብድም ለአሻንጉሊት ውስጣዊ አካል ግን ጥሩ ነው፤ ከለስላሳው ጠጉር ይልቅ በመርፌው ቶሎ ይጠነክራል። ለስላሳው የሚያስፈልገው ለላይኛው ቆዳ ብቻ ነው።

ቁመቱ 24 ሴንቲሜትር ለሚሆን አሻንጉሊት ከ60 እስከ 80 ግራም የጸዳ ጠጉር ይበቃል። ጠጉሩ መጀመሪያ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቅባቱና አፈሩ ይለቅቃል። በዚህ ጊዜ ማሸትም ሆነ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት መክተት አይገባም፤ ያለ ጊዜው ይጠላለፋል። በጥላ ከደረቀ በኋላ ልክ እንደ ጥጥ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ እስኪመስል ድረስ ይፍታታል። ያልተፍታታ ጠጉር ውስጡ ቋጠሮ ስለሚኖረው የሚወጣው አካል ጎርባጣ ይሆናል።

መርፌዎቹ በውፍረታቸው በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይቀጥናል። 36 ቁጥር ለመጀመሪያው ቅርጽ፥ 38 ቁጥር ለመካከለኛው ሥራ፥ 40 ቁጥር ለመጨረሻው ማለስለሻ ያገለግላሉ። ከእነዚህ ሌላ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ሩዝ የታጨቀ ከረጢት፥ ከገላው ወርድ የሚረዝም የስፌት መርፌ፥ በሰም የታሸ የጫማ ሰፊ ክር፥ አራት ጠፍጣፋ የልብስ ቁልፎች፥ ከጠንካራ ካርቶን የተቆረጡ ትናንሽ ክብ ሰሌዳዎችና መቀስ ያስፈልጋሉ።

ጥርሳሙን መርፌ ማግኘት ያልቻለ ሰው ሥራውን መተው የለበትም። የተፍታታውን ጠጉር እንደ ዱላ ጠቅልሎ፥ በሙቅ ውሃና በሳሙና እያራሰ በሁለት መዳፉ መካከል፥ በኋላም ወጣ ገባ ባለ ሰሌዳ ላይ ቢያንከባልለው ክንድና እግር የሚሆን ጠንካራ አካል ያገኛል። ራሱንም እንደ ኳስ ማንከባለል ነው። ልዩነቱ በዚህ ዘዴ የአፍንጫንና የጉንጭን ረቂቅ ቅርጽ ማውጣት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

አካላቱን መቅረጽ

የሕፃን መልክ ለሚኖረው አሻንጉሊት ራስ የጠቅላላው ቁመት ሩብ ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ከ24 ሴንቲሜትሩ ራስ 6፥ ገላ 8፥ እግር 10 ሴንቲሜትር ይደርሳቸዋል። ክንድ 8 ሴንቲሜትር ቢሆን ይስማማል። ልቅ ጠጉር ሲጠቀጠቅ መጠኑ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ ሲጀመር ከሚፈለገው እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ አድርጎ መጠቅለል ይገባል።

መርፌው በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ውስጥ ሳለ ከተጣመመ ይሰበራል። ሥራውን እያገላበጡ ከሁሉም አቅጣጫ መውጋት እንጂ በአንድ ወገን ብቻ መወሰን አይገባም፤ አለዚያ አካሉ ይጠፈጠፋል። መጠንከሩን የሚያረጋግጠው አውራ ጣት ነው። ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ ገና ነው፤ ወዲያው ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ ደርሷል።

ሁለቱ ክንዶችና ሁለቱ እግሮች እኩል እንዲሆኑ ጠጉሩን አስቀድሞ በሚዛን ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ከዚያም አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን፥ ጥቂት ከዚህ ጥቂት ከዚያ እያሉ መሥራት ይመረጣል። አንድ እግር አስቀድሞ ያለቀለት አሻንጉሊት ሁለተኛው እግሩ ብዙውን ጊዜ ይቀጥናል ወይም ያጥራል።

እዚህ ላይ በጥብቅ መታወቅ ያለበት ነገር፥ መገጣጠሚያው የሚታሰበው ገላው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ጠጉሩ ሲጠቀለል መሆኑ ነው። የክንዱ ራስ ከገላው ጋር የሚነካካበት ወገን ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ የገላው ትከሻም እንዲሁ። ሁለት ክብ ነገሮች ሲነካኩ የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ክንዱ ይንገዳገዳል። ሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ሲነካኩ ግን በመተሻሸታቸው ምክንያት ክንዱ በተነሣበት ቦታ ይቆማል። ገላውም ከሥሩ እንደ ተቆረጠ ጉቶ ጠፍጥፎ ካልተሠራ አሻንጉሊቱ ሲቀመጥ ወደ ኋላው ይወድቃል።

መገጣጠሚያው

የጽሑፉ አቅራቢ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው ክሩን በጠጉሩ ላይ ብቻ አሥሮ በመተዉ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ክሩ ጠጉሩን እንደ ቢላዋ ሰንጥቆ ወጣ፤ ልጅቱም የአሻንጉሊቷን ክንድ በአንድ እጇ፥ አሻንጉሊቷን በሌላ እጇ ይዛ መጣች። በሁለተኛው ሙከራ ቁልፍ ቢገባበትም ክሩ ከመጠን በላይ ስለ ተሳበ ትከሻው ጎደጎደ፤ ክንዱም ከነአካቴው አልዞር አለ። ከሁለቱ ስሕተቶች የተገኘው ደንብ ይህ ነው፤ የክሩን ጉልበት ጠጉሩ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ይሸከመው፤ መጥበቁም ልክ ይኑረው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ክንዱ ግማሽ ያህል ሲጠነክር፥ ከጠፍጣፋው ወገን ጥቂት ገባ ብሎ አንድ ክብ ሰሌዳ ይቀመጥና በላዩ ጠጉር ተጨምሮ ይሸፈናል። በገላው ትከሻ ውስጥም በሁለቱም ወገን እንዲሁ ይደረጋል። ሰሌዳው መካከሉ የተበሳ መሆን አለበት፤ ጥርሳሙ መርፌም በሰሌዳው ላይ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የክንዱ ቀዳዳ ከጫፉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይሁን። የሁለቱ ትከሻዎች ቀዳዳ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን በማስመሪያ ማረጋገጥ ያሻል። የዳሌው ቀዳዳ በተቻለ መጠን ወደ ገላው ግርጌ ይውረድ፤ ከፍ ካለ እግሩ ወደ ፊት ሲነሣ ሆዱ ያግደዋል፤ መቀመጥም አይችልም።

ከዚያ ረጅሙ መርፌ ድርብ ክር ይዞ ከአንደኛው ቁልፍ ተነሥቶ በክንዱ፥ በገላውና በሌላው ክንድ ውስጥ አልፎ በሁለተኛው ቁልፍ ይወጣል። በቁልፉ ሌላ ቀዳዳ ገብቶም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል። ቁልፉ የክሩን ጉልበት በሰፊው ስለሚያከፋፍለው ጠጉሩ አይሰነጠቅም። ክሩ የሚሳበው ቀስ በቀስ ነው። ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ በራሱ ክብደት ከወረደ ገና ላልቷል፤ በጣት ሲገፋ የሚያስቸግር ከሆነ ጠብቋል፤ በተተወበት ከቆመና በቀላል ግፊት ከዞረ ልክ ነው።

ልክ ሲሆን ወዲያው በቋጠሮ መዝጋት አይገባም። አዲስ ክር ይለጠጣል፤ ጠጉሩም በመተሻሸት ብዛት እያደር ይተኛል። ስለዚህ ለጊዜው በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ አሥሮ አንድ ቀን ማሳደርና በማግስቱ ደግሞ መሳብ ይበጃል። የመጨረሻውም ቋጠሮ ከአንደኛው ቁልፍ ሥር፥ እጀታው በሚሸፍነው ቦታ ይቀመጥ እንጂ በጠጉር አይቀበር። ወደፊት መጠገኛው በር እሱ ነው።

አንገትና ከበድ ያለ አሻንጉሊት በክር ፋንታ በክብ ሰሌዳና ጫፉ ለሁለት በሚከፈል የብረት ካስማ ይገጠማሉ። ካስማው ከራሱ ሥር ተነሥቶ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ያልፍና በሮንዴላ ላይ ጫፎቹ በፒንሳ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጠምዝዘው ይታጠፋሉ። ብረቱ ገላው ውስጥ ገብቶ በወፍራም ጠጉር ስለሚሸፈን ይህ የሚሠራው ገላው ሳይዘጋ ነው።

ጉልበትና ክርን እንዲታጠፉ የሚፈልግ ሰው ጭኑንና ባቱን ለየብቻ ሠርቶ፥ የአንዱን ጫፍ እንደ ምላስ፥ የሌላውን እንደ ሁለት ከንፈር አድርጎ በክርና በትናንሽ ቁልፎች ያገናኛቸዋል። ለጀማሪ ግን ትከሻና ዳሌ ይበቃሉ። አንዳንዶች ድካሙን ለማቃለል በጠጉሩ ውስጥ ሽቦ ያስገባሉ። ሽቦ በጥቂት ጊዜ ይታዘዛል፤ በአንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል፤ የተሰበረው ጫፍም ጠጉሩን በስቶ ይወጣል። ስለዚህ ለመስኮት ጌጥ ካልሆነ በቀር ለሕፃን መስጠት አይገባም።

መልክና ልብስ

መገጣጠሚያው ከተፈተነ በኋላ ለስላሳው ጠጉር እንደ ቆዳ በስሱ ይለበጣል። ጠይም መልክ ለመስጠት ቡናማ የበግ ጠጉር መምረጥ፥ ካልተገኘም ነጩን በሻይ ቅጠል ውሃ ቀቅሎ ማቅለም ይቻላል። የዓይን ጉድጓድ በመርፌው በመውጋት ይጎደጉዳል፤ አፍንጫ በትንሽ ጉብታ ይጨመራል። ጠጉሩ እንደ ሠሪው ምርጫ ጎፈሬ፥ ሹሩባ ወይም ቁንጮ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ስለሚነሣ ልብስ እየለበሰ ማውለቅ ይችላል፤ ይህም ለሕፃኑ ሁለተኛ ጨዋታ ይሆናል።

ጥንቃቄ

መርፌው ስለታም ስለሆነ ሥራው ለትናንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ሠሪውም ዓይኑን ከሥራው ላይ ሳያነሣ ይውጋ። መርፌ ከተሰበረ ስባሪው እስኪገኝ ድረስ ሥራው መቀጠል የለበትም፤ ካልተገኘ ያንን አካል መጣል ይሻላል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ቁልፍና የመስተዋት ዓይን አደገኛ ናቸው፤ ወደ አፉ ወስዶ ሊታነቅ ይችላልና። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሕፃን ዓይኑ በክር የተጠለፈ፥ ከውጭ ቁልፍ የሌለው አሻንጉሊት ይሠራለት። የጠጉር ዋና ጠላት ብል ነው፤ አሻንጉሊቱን አልፎ አልፎ አራግፎ ፀሐይ ማሞቅ ይጠቅማል። ሲቆሽሽም በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ እንጂ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ አይገባም።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በሦስተኛው ሙከራ የአሻንጉሊቷ ክንድና እግር በሚገባ ተገጠመ። ልጅቱ ተቀብላ እግሯን ወደ ፊት አጠፈች፤ ከረከቦቱ አጠገብ በትንሽ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፤ ባዶ ስኒም በፊቷ አኖረችላት። ስለ ሕመሟ ከዚያ ወዲያ የተነሣ ነገር የለም።

ወራት አልፈው አንድ ቀን ልጅቱ አሻንጉሊቷን ይዛ፥ «አጎቴ፥ እጇ ደክሟታል» አለች። ክንዷ ሲያነሡት ይወርድ ነበር። እጀታዋ ተገልጦ ከቁልፉ ሥር ያለው ቋጠሮ ተፈታ፤ ክሩ ጥቂት ተስቦ ተመልሶ ታሠረ። የወሰደው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከመጠጣት አይበልጥም። ልጅቱ ክንዷን አንሥታ ለቀቀችው፤ ክንዱም በተነሣበት ቆመ። አሻንጉሊቷም ወደ በርጩማዋ ተመለሰች።